የኹላችን የሆነውን ማን ይጠብቀዋል?

ለአንድ ሰው የተሰጠ ነገር ጠባቂው ይታወቃል። እርሻ ገበሬ አለው፤ መንጋ እረኛ አለው፤ ቤትም አባወራ አለው። ነገር ግን ኹሉ የሚጠቀምበት፥ ማንም ለብቻው «የእኔ ነው» ሊለው የማይችል ነገር በተበላሸ ጊዜ ተጠያቂው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚተው አይደለም። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለምንኖር ካህናትና ምእመናን በየዕለቱ በዓይናችን ፊት ተዘርግቶ የሚታይ ነው።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ኹሉ ሰፊው ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ ዓባይም በባሕር ዳር በኩል ከእርሱ ይወጣል። በደሴቶቹ ላይ ክብራን ገብርኤል፥ ጣና ቂርቆስ፥ ናርጋ ሥላሴና የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛሉ። ዓሣ አጥማጁ በደንገል ታንኳ ይቀዝፍበታል፤ የፎገራ ገበሬ በዳርቻው ሩዝ ያመርታል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን በዓለም ከሚጠበቁት የሕይወት ክልሎች መዝገብ ጽፎታል። እንግዲህ የመነኩሴውም፥ የዓሣ አጥማጁም፥ የገበሬውም፥ የከተሜውም ነው፤ የዓለምም ሀብት ተብሏል። ይህን ያህል ባለቤት ያለው ነገር ግን ጠባቂ ሲያጣ አየን።

እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ውሃው በተመቸው ጊዜ በ2 ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። የፀሐይን ብርሃን ይከለክላል፤ ዓሣውን አየር ያሳጣል፤ የታንኳውን መንገድ ይዘጋል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ይልቁንም ልብ ልንለው የሚገባን አረሙን የሚመግበው ምን እንደ ሆነ ነው። ከተራቆተ መሬት በጎርፍ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፥ ከከተማም የሚወርድ ቆሻሻ ምግቡ ነው። ስለዚህ እንግዳው ከሩቅ አገር ቢመጣም ቀለቡን የምንሰፍርለት እኛው ነን።

ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በደምቢያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ አረሙን በእጁ ነቀለ። ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ከሩቅ እየመጣ አገዘ፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ ማሽን ተገዛ። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ታላቅ ዘመቻ ተደረገ። ይህ ትጋት ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ክረምት አልፎ ሐይቁ በሞላ ቍጥር አረሙ ተመልሶ ለመለመ። ስለ ምን?

ነገሩን ከደቦ ጋር ብናስተያየው ይገለጥልናል። ደቦ የአንዱን ገበሬ አዝመራ በአንድ ቀን ያነሣል። ሥራው ፍሬ የሚያገኘው ግን ደቦው ከተበተነ በኋላ በማግሥቱ ማለዳ ተነሥቶ ማሳውን የሚያይ ባለቤት ስላለ ነው። በሐይቁ ላይ የወጣው ደቦ ግን ወደየቤቱ ሲመለስ በማግሥቱ የሚነሣ ባለቤት አልነበረም። ኹሉ ሌላውን ጠበቀ። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለኀምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ኀምሳው ሰው እያንዳንዱ የራሱን አንዲት ሎሚ ካላነሣ ሎሚው በመሬት ላይ ይበሰብሳል።

የጋራ የሆነውን እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ አባቶቻችን ሥርዐት ትተውልናል። ቤተ ክርስቲያን የኹሉ ናት፤ ነገር ግን አገልግሎቷ በኹሉ ፈቃድ ላይ አልተጣለም። ሰሞነኛ አለ፤ ሳምንቱ የእርሱ ከሆነ ያለ እርሱ ቅዳሴ ይታጐላል። በማኅበርም ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚቀጥለው ወር ዕዳ የእርሱ መሆኑን ያውቃል። በዘጌም ከአቡነ በትረ ማርያም ወረደ በተባለው ሥርዐት ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ሆኖ ኖሯል፤ ሕዝቡም በቡና፥ በጌሾና በሎሚ ይተዳደር ነበር። ዙሪያው ሲራቈት የዘጌ ደን የቆየው ስለዚህ ነው። ግለት የአንድ ቀን ነው፤ ተራና ሕግ ግን ትውልድን ይሻገራሉ።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። መንግሥት ግዴታ አለበት፤ ሊጠየቅም ይገባዋል። ነገር ግን የመንግሥት ዕዳ የእኛን ዕዳ አይሰርዝም። ሌላው ደግሞ «ልጆቼ እየተራቡ የሐይቁን ዳር አታርስ ትሉኛላችሁን?» ይላል። ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ጠግቦ ያደረ ሰው በተግሣጽ ብቻ ሊመልሰው አይገባም። ድኻው ዳርቻውን እንዲለቅ የሚጠይቅ ማኅበር የድኻውን ጕረሮ አብሮ ሊያስብ ግድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ግጭትም ሥራውን ይበልጥ አክብዶታል። ሰው ደሙን በሚያፈስበት ዘመን ስለ ውሃ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ የሚዋጉትም የሚታረቁትም ከዚያው ውሃ ይጠጣሉ።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ከአንድ ጎረቤት የሰረቀውን በንስሐ ጊዜ እንገሥጸዋለን። ቆሻሻውን ወደ ሐይቁ የለቀቀውን፥ የጋራውን ደን የቈረጠውን ግን ስንጠይቅ አይሰማም። ከአንድ ሰው የወሰደ ሌባ ይባላል፤ ከኹሉ የወሰደ ግን ስም አልወጣለትም። አዳም በገነት የተቀመጠው እየበላ እንዲኖር ብቻ ሳይሆን ጠባቂም እንዲሆን ነበርና፥ ይህን ኀጢአት በስሙ መጥራት ከእኛ ይጀምር።

ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ ያለ እያንዳንዱ ደብር ከዳርቻው የተለካ ድርሻ ቢወስድ፥ ሰንበቴውና ማኅበሩም እንደ ጽዋው ኹሉ የአረሙን ሥራ በወር በወር ተራ ቢያስገባው መልካም ነው። በባሕር ዳር የሚኖረውም ከደጁ የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚገባ ይመልከት። ብዙ መናገር ሳያስፈልግ፥ በሚመጣው ወር ተራው የማን እንደ ሆነ በስም ይታወቅ።