ተረት በበሩ ሲገባ

ለልጆች ታሪክን ከተረት ጋር አዋዝቶ መጻፍ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንዴ ጫፉን ከያዙት ግን እንደ ሹራብ ክር ነው፤ በሳቡት ቁጥር ይተረተራል።

ጥያቄውን ያመጣችብኝ አሜሪካ የምትኖር የቀድሞ ተማሪዬ ናት። የአስር ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት እየተዋሰ የሚያመጣቸው መጻሕፍት አላማሯትም። «ጋሼ፣ ልጁ የቤዝቦል ካርድ ጨበጥ ያደርግና ሰባ ሰማንያ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ዱብ ይላል! ይሄ ታሪክ ነው ወይስ ተረት? ልጄ ሁሉንም እውነት ነው ብሎ ቢይዝብኝስ?» አለችኝ። የእናት ስጋት ነውና መልሱን በአንድ ቃል መወርወር አልወደድኩም።

መጻሕፍቱ የአሜሪካዊው ደራሲ የዳን ገትማን ናቸው። የመጀመሪያው የወጣው በ1997 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለታሪኩ ጆ ስቶሻክ የተባለ ልጅ ነው። አሜሪካኖች የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል የታተመባቸውን ትንንሽ ካርዶች የመሰብሰብ ልማድ አላቸው። ጆ ያረጀ ካርድ በእጁ ሲይዝ ጣቱን ነዘር ያደርገውና ካርዱ ወደታተመበት ዓመት ይዞት ይሄዳል። በ1999 በወጣው መጽሐፍ ጃኪ ሮቢንሰንን ፍለጋ ወደ 1947 ይጓዛል። ሲደርስ ቆዳው ጥቁር ሆኗል። ነጩ ልጅ በዚያ ዘመን አሜሪካ ጥቁር ሆኖ ይውላል፣ ያድራል።

የሮቢንሰን ታሪክ የታወቀ ነው። የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ስልሳ ዓመት ያህል ለጥቁር ተጫዋች በሩን ዘግቶ ኖሯል። የብሩክሊን ዶጀርስ ኃላፊ ብራንች ሪኪ በ1945 ሮቢንሰንን አስጠርቶ፣ ቢሰድቡህም ቢመቱህም አጸፋ እንዳትመልስ ሲል ቃል አስገባው። ሰውየውም ቃሉን ሰጠ። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሜዳ ገባ።

የአማርኛችን ነገር እዚህ ላይ ይደንቀኛል። «ታሪክ» ስንል በዓለም ላይ የሆነውንም፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረውንም ማለታችን ነው። «የአድዋ ታሪክ» እንላለን፤ «የፊልሙ ታሪክ»ም እንላለን። ስም ብናጋራቸውም አያቶቻችን ሁለቱን አላምታቱም። ተረት በር ነበረው። «ተረት ተረት» ሲባል ልጁ የለመደውን መልስ ይሰጣል፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ጅብ ቢናገር፣ ጦጣ ዳኛ ሆና ብትፈርድ ማንም ዋሻችሁኝ ብሎ አይከስም። ሲያልቅም የሚዘጋበት ቃል ነበረው። የገትማን ካርድ ያው በሩ ነው። ጆ ካርዱን ሲጨብጥ «ተረት ተረት» ተባለ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ደራሲው የትኛው በእውነት የሆነ፣ የትኛው ራሱ የፈጠረው እንደሆነ ለይቶ ይነግራል። በሩን ከፍቶ አስገባ፣ ዘግቶ ሸኘ።

አሁን ደግሞ በር የሌለውን ተረት እዩልኝ። ቤዝቦልን የፈጠረው ማነው የሚለው ነገር አሜሪካኖችን ሲያነታርክ ቆይቶ በ1905 አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑም በ1907 መጨረሻ፣ ጨዋታውን የፈጠረው ጄኔራል አብነር ደብልዴይ ነው፣ በ1839፣ ኩፐርስታውን በምትባል ከተማ ሲል ደመደመ። ዋናው ማስረጃ የአንድ ሽማግሌ ደብዳቤ ነበር። ደብልዴይ ግን በ1839 የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ ቤዝቦልን እኔ ፈጠርኩ ያለበት ጊዜም የለም። የሆነ ሆኖ በ1939 የቤዝቦል ታላላቆች የሚታሰቡበት ሙዚየም እዚያችው ከተማ ተከፈተ። እዚህ ውስጥ አስማት የለም፣ በዘመን መብረር የለም። ሁሉም ከረባት ያሰሩ ትላልቅ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ልጅን ያታለለው የቱ ነው፣ ካርዱ ወይስ ኮሚሽኑ? ገትማን በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ጆን ወደ እርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የሚልከው ይህንኑ ነገር ከጄኔራሉ ከራሱ እንዲያጣራ ነው። ተረት የሹማምንትን ውሸት ሲያጣራ አያችሁልኝ?

ስለዚህ ካርዱ አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ ከካርዱ ያነሰ፣ ከዓይን የሚያመልጥ ነገር ነው።

ቤዝቦል ሁሉን ነገር በቁጥር መዝግቦ የሚያስቀምጥ ጨዋታ ነው። ሮቢንሰን ያን የመጀመሪያ ቀን ምን እንዳደረገም ተመዝግቧል። አንድም የተሳካ ምት የለውም። በተጋጣሚ ስህተት ተረፈና ዞሮ አንድ ነጥብ አስቆጠረ፣ ቡድኑም አሸነፈ፤ ይኸው ነው። እስቲ ራሳችሁን በደራሲው ወንበር ላይ አስቀምጡ። አንባቢያችሁ የአስር ዓመት ልጅ ነው። ጃኪ ኳሷን ከአጥር ውጭ አበረራት፣ ሕዝቡ በእልልታ ተነሳ ብላችሁ ብትጽፉ ማን ይከለክላችኋል? በዘመን መብረርን የፈቀደ አንባቢ አንዲት ምት ይነፍጋል?

እኔ ግን እላለሁ፣ ካርዱ ውሸት አይደለም፤ ያቺ ምት ግን ውሸት ናት። ካርድ ጨብጦ የትም እንደማይኬድ ማንኛውም ልጅ ያውቃል፤ ቤቱ ሞክሮታላ! ምቷን ግን አምኗት ያድጋል። አምኗት ሲያድግ የሚማረው፣ ጀግና ማለት በመጀመሪያው ቀን የሚሳካለት ሰው ነው የሚለውን ነው። ታዲያ ነገ እሱ ራሱ በመጀመሪያው ቀን ሲከሽፍበት ምን ይበል? እውነተኛው ሮቢንሰን አንድም ሳይመታ ወጥቶ፣ ስድብ ወደሚጠብቀው ሜዳ ተመልሶ የገባ ሰው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ያቺን ጎዶሎ ቀን ካወጣችሁበት ሽልማቱ ምን ጣዕም ይኖረዋል?

ስድቡም እንዲሁ ነው። «ልጆች ናቸውና እናለዝበው» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። ጸያፉን ቃል አንድ በአንድ መድገም የግድ አይደለም፤ ቁስሉን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ስድቡን ባቀለልነው መጠን የሰውየውን ትዕግሥትም እናቀልበታለን።

ሌላም ፈተና አለ። በ2002 በወጣው መጽሐፍ ጆ ወደ 1919 ሄዶ ጆ ጃክሰን የተባለውን ተጫዋች ከውርደት ሊያድን ይነሳል። ጃክሰን ገንዘብ ተቀብለው የዋንጫውን ጨዋታ ሆን ብለው ተሸነፉ ከተባሉት ስምንት ሰዎች አንዱ ነው። በ1921 ፍርድ ቤት ነጻ ቢላቸውም ኮሚሽነሩ ላንዲስ ዕድሜ ልካቸውን አገዳቸው። ጃክሰን በ1951 ሞተ፤ እገዳው የተነሳለት በ2025 ነው። ከሞተ ከሰባ አራት ዓመት በኋላ! ይህን የሰማ ልጅ «ሄጄ ባስቆምኩት» ቢል አይፈረድበትም። ፍትሕ በልጅ ልብ ውስጥ የምትበቅለው እንዲህ ባለው ቁጭት ነው። ደራሲው ቁጭቱን ይስጠው፤ ድሉን ግን አይስጠው። ልጁ ሄዶ ካስተካከለው የተበዳዩ በደል ተሰረዘ፣ የበዳዩም ዕዳ አብሮ ተሰረዘ። መጽሐፉን ሲዘጋም «ተስተካክሏል» ብሎ እፎይ ይላል። ያለፈው ዘመን እንግዳ ምስክር ሆኖ ይመለስ እንጂ አዳኝ ሆኖ አይመለስ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የቆዳው ነገር ነው። ቆዳ እንደ ካፖርት ተውሰው የሚመልሱት ነገር ነው ወይ? ጆ ሲበቃው ወደ ቤቱ፣ ወደ ነጭነቱ ይመለሳል፤ ሮቢንሰን የሚመለስበት ሌላ ቆዳ አልነበረውም። ይህን ተቃውሞ አላጣጥልም። ግን ልብ ወለድ ድሮም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ሌላ ሰው ያደርገንና ይመልሰናል። ነውሩ ከተመለሱ በኋላ «አሁን ሁሉም ገብቶኛል» ማለቱ ላይ ነው። ልጁ ጥያቄ ይዞ ከተመለሰ ውሰቱ አልከፋም።

አሜሪካ ለተወለደው የእኛ ልጅ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እሱ በዚያች አገር ጥቁር ለመሆን ካርድ አያስፈልገውም። ያን በር በትከሻቸው ገፍተው የከፈቱለት እነማን እንደሆኑ ግን ከቤቱ ላይሰማ ይችላል፤ ወላጆቹ የመጡት በሩ ከተከፈተ በኋላ ነዋ! የትምህርት ቤቱ ተረት ይህን ከነገረው ልንመርቀው እንጂ ልንፈራው አይገባም።

እናም ወላጆች፣ ልጁ በካርድ በረረ ብላችሁ አትደንግጡ። አንብቦ ሲጨርስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ጃኪ ያን ቀን መታ?» «አልመታም፤ ግን ተመልሶ ገባ» ካላችሁ መጽሐፉን ያለ ስጋት ተዉለት።