ያልተጠየቀ ሰው በውል ይታሰራልን?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ፣ የደብረ ታቦሩን መንገድ በስተቀኙ ትቶ ጥቂት እንደ ሄደ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋለታል። ክረምት ከሆነ መሬቱ የት እንዳለቀ፣ ጣናም የት እንደ ጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ያጋዙትን አፈር አምጥተው ሜዳው ላይ ያፈሱታል። ውኃው ሲሸሽ አንዳንዴ የድንበሩ ምልክትም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሽማግሌ ይጠራል፤ ወሰኑ በሰው ቃል ይታደሳል። የፎገራ ሰው ውል ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ አልተማረም፤ ከጭቃ ውስጥ ያወጣዋል እንጂ።

ስለ ሕገ መንግሥት ክርክር በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያው ሜዳ ይሄዳል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሩዝ እየተስፋፋ የወል ግጦሹ እየጠበበ በመጣበት ዘመን፣ ዘመዶቼ የሚኖሩበት ጎጥ ሰዎች ሜዳውን እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከከብት ከልክለው ለማቆየት ተስማሙ። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ሣር ካላገኘች ግን ስሟ አይታለብም። የመጀመሪያው ስምምነት ቅን ነበር። እያንዳንዱ አባወራ ለጠባቂው እህል ያዋጣል፤ ከብቱን ያስገባ ሰው በግዝት ይያዛል። ቅጣት የለም፤ አስፈጻሚም የለም። ጥቂቶች አዋጡ፣ ብዙዎች «ነገ» አሉ። ጠባቂው ድርጎውን ሲያጣ ወደ እርሻው ተመለሰ። ኅዳር ሳይጋመስ ሜዳው ተላጨ።

በዓመቱ ጠንከር ያሉት ሰዎች ተሰብስበው ሌላ ደንብ አወጡ። ቅጣቱ በብር ተወሰነ፣ ዋስ ተጠራ፣ የጎበዝ አለቃ ተመረጠ። ሣሩም ዳነ። ነገር ግን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ያላት ሀብት አንዲት ጊደር፣ ጊደሯም ከወል ሜዳው በቀር ሌላ መኖ የሌላት። ጊደሯ ተያዘች። «ደንብ ጥሰሻልና ትቀጫለሽ» ሲሏት፣ «እኔን መቼ ጠየቃችሁኝና ነው አባቴ?» አለች። ሽማግሌውም «ልጄ፣ ደንቡ እኮ ለሁላችን የወጣ ነው» ብለው መለሱላት። ተበድራ ከፈለች። ሁለቱም እውነት እንደ ተናገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ይህ የአንድ ጎጥ ወሬ ብቻ አይደለም። አሜሪካውያን ከእንግሊዝ ሲላቀቁ ያቆሙት የመጀመሪያው ማዕከላዊ መንግሥት ልክ እንደዚያ ጠባቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1781 በጸናው ውል መሠረት የጋራው ምክር ቤት ከ13ቱ ግዛቶች ገንዘብ ይለምናል እንጂ ግብር አይጥልም። ውሉን ለማሻሻል ደግሞ የ13ቱም ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ያበቃል። በ1786 በማሳቹሴትስ በዕዳና በግብር የተማረሩ ገበሬዎች በዳንኤል ሼይስ መሪነት ሲነሡ፣ ማዕከላዊው መንግሥት ጦር የሚያዘምትበት ገንዘብ እንኳ አልነበረውም። በማግስቱ ዓመት ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች አሮጌውን ውል እንዲጠግኑ ተልከው አዲስ ሕገ መንግሥት ጽፈው ተነሡ። አዲሱም ሕግ በ13ቱ ሳይሆን በ9ኙ ፈቃድ እንዲጸና ራሳቸው ወሰኑ። ሮድ አይላንድ ተወካይ እንኳ አልላከችም ነበር። እንግዲህ ዓለም የሚያደንቀው ያ ሕግ የተወለደው የቀደመውን ቃል በማፍረስ ነው ማለት ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ደርግ በወደቀ በወሩ፣ በሰኔ 1983 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ በተደረገው ጉባኤ የሽግግር ወቅት ቻርተር ተዘጋጀ። ቻርተሩ የሰብአዊ መብቶችን ዓለም አቀፍ መግለጫ የተቀበለ፣ በቃል ደረጃ ብዙ ተስፋ የሰጠ ሰነድ ነበር። ድክመቱ ከጠረጴዛው ይጀምራል። እንደ ኢሕአፓና መኢሶን ያሉ ድርጅቶች አልተጋበዙም። ከ87ቱ የምክር ቤት መቀመጫ ኢሕአዴግ 32ቱን፣ ኦነግ 12ቱን ያዙ። ዓመት ሳይሞላ ኦነግ በሰኔ 1984 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ ስብሰባ የተካፈሉ የደቡብ ድርጅቶች ከምክር ቤቱ ተወገዱ። ምርጫ በሁለት ዓመት፣ ቢዘገይም በተጨማሪ ስድስት ወር ውስጥ ይደረጋል የተባለው ሽግግር አራት ዓመት ፈጀ። ያ መንግሥት ጦር አላነሰውም። ያነሰው የጋራነቱ ነበር።

ይህን ያርማል የተባለው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ሥራ ላይ ዋለ። ያጸደቀው ጉባኤ 547 መቀመጫ ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ 484ቱን ኢሕአዴግ አሸነፈ። ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ምርጫው ውስጥ አልገቡም። ገሚሱ «ተገፋን» ይላል፣ ገሚሱ «ራሳችሁ ቀራችሁ» ይለዋል። ለእኔ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ጠንካራው ደንብ ወጣ፣ ያልተጠየቀው ሰው ጥያቄም እንደ ነበረ ቀረ።

ለመሆኑ ያልተጠየቀ ሰው በውል ይታሰራልን? አንደኛው መልስ ቀላል ነው፤ «ሁሉን እንጠይቅ ብንል ሜዳው ይላጫል» ይላል። እውነት አለው። የአንድ ሰው እምቢታ የሁሉን ኑሮ ካገደ እርሱም ሌላ ዓይነት ግፍ ነው። ልጆቻችንን ሳይወለዱ ልንጠይቃቸው አንችልም፤ ሆኖም በእኛ ሕግ ይወለዳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መንግሥት ድክመት ጠንካራ ሕግ ለመጻፍ በቂ ምክንያት ነው። አልጠይቅህም ለማለት ግን ምክንያት አይሆንም። ጉልበት መታዘዝን ያመጣል፤ ውልን የህሊና ዕዳ የሚያደርገው ግን መጠየቅ ነው። አስቀድሞ ያልተጠየቀ ሰው ቢያንስ በኋላ የሚገባበት በር ሊተውለት ይገባል።

የአሜሪካውን ሕግ ያቆየው ብልኅነቱ ብቻ አይመስለኝም። ተቃዋሚዎች የጠየቁት የመብት ዝርዝር በ1791 ገባ። ያልተጠየቁት ባሮች ግን በዚያ በር የገቡት ከ600,000 በላይ ሰው ካለቀበት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው። ሴቶች እስከ 1920 ጠበቁ። በሩ ሲዘገይ ዋጋው በደም ይከፈላል።

የእኛ በርስ? ለፎገራ ገበሬ ሕገ መንግሥት ማለት ከሁሉ በፊት አንቀጽ 40 ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አንቀጹ ይጠብቀዋል ወይስ ያስረዋል የሚለው ክርክር ዛሬም አልሞተም። እንበልና ገበሬው በአንድ ድምፅ «እናሻሽለው» ቢል፣ ወይም ሌላው «አንቀጽ 39 ይታይልኝ» ቢል፣ ሁለቱም የሚገኙት በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት ይህ ምዕራፍ የሚሻሻለው የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ሲስማሙና ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በየፊናቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት ነው። አሜሪካውያን በ1787 ሸሽተውት የወጡትን የ«ሁሉም ይስማማ» መቆለፊያ እኛ በጠንካራው ሕጋችን ላይ አደረግነው። በእርግጥ መቆለፊያው ያለ ምክንያት አልተሠራም፤ ትናንት መብቱን የተነጠቀ ሰው ነገ እንዳይነጠቅ ይፈራል። ነገር ግን ሲጻፍ ያልተጠየቀ፣ ከተጻፈ በኋላም ሊያነካው የማይችል ሰው ሕጉን «የእኔ» እንዲል በምን አንደበት እንለምነዋለን?

ውጤቱን አይተነዋል። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው ሲራዘም የፌዴራሉና የትግራይ ባለ ሥልጣናት ያንኑ አንድ ሰነድ እየጠቀሱ እርስ በርሳቸው «ሕገ ወጥ» ተባባሉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ በእኛው ክልል ተነሣ። የጦርነቶቹ መነሻ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በሕጉ ላይ አልጭንም። ሆኖም ሁለት ሰዎች በአንድ ወረቀት ምለው ሲጋደሉ፣ ከወረቀቱ በፊት መኖር የነበረበት አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ መቋቋሙ በራሱ፣ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ እንዳለ መንግሥትም ማመኑን ያሳያል።

ወደ ጎጡ ልመለስና ላብቃ። በሦስተኛው ዓመት የዚያች ሴት ጊደር ሌሊት ወደ ክልክሉ ገባች። ብቻዋን አልነበረችም፤ ደንቡን ካወጡት ሰዎች የአንዳንዶቹ ከብቶችም ተከትለዋት ገቡ። ሲነጋ ሽማግሌው ሜዳውን ቆመው አዩት፤ የጎበዝ አለቃውንም አልጠሩም። ወደ ሴትዮዋ ደጅ ሄደው፣ «ልጄ፣ ነይ እስቲ፤ አንቺ ያለሽበት እንነጋገር» አሏት።

ቀን ያልተጠየቀ ሰው በሌሊት ይመልሳል። እኛም ገና ሳይመሽ ደጁን ብናንኳኳ ይሻለን ነበር።