ያልተነገረው እውነት

ሐሰት ያልተናገረ ሰው ሁሉ እውነትን ተናግሯል ማለት ይቻላልን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ዛሬ ግን ስለ መድኃኒት ለማወቅ ብዙዎች ወደ ኢንተርኔት በሚሄዱበት ጊዜ አዲስ ክብደት አግኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፣ ማንኛውም ሰው ሊጽፍበት የሚችለውን ዊኪፒዲያን በባለሙያዎች ከሚዘጋጀው ከሜድስኬፕ የመድኃኒት ማውጫ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከቀረቡት 80 ጥያቄዎች መካከል ዊኪፒዲያ ለ40 በመቶ፣ ሜድስኬፕ ለ82.5 በመቶ መልስ ሰጡ። የሚያስገርመው፣ በዊኪፒዲያ መልሶች ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል አልተገኘም፤ በባለሙያዎቹ ማውጫ ግን 4 የተሳሳቱ መልሶች ተገኙ። የዊኪፒዲያ ጉድለት ሌላ ነበር፤ መነገር ሲገባቸው የተዘለሉ 48 ነገሮች ተቈጠሩበት፤ በሜድስኬፕ 14 ብቻ ነበሩ። ስለሚወሰደው መጠን ለተጠየቀው ሁሉ ዊኪፒዲያ መልስ አልነበረውም። ገጾቹ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታርመዋል፤ ጥናቱ የገለጠው የጉድለት ዓይነት ግን ዛሬም ሊያሳስበን ይገባል።

ምሳሌ እንውሰድ። «አይቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሣል» ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን ከእርግዝና 20ኛ ሳምንት ጀምሮ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል ካልተነገረ፣ ያው እውነት ለነፍሰ ጡር እናት ወጥመድ ይሆንባታል። ቃሉ አልዋሸም፤ ዝምታው ግን አሳስቷል። በደል በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም እንደሚፈጸም እናውቃለን፤ በቃልም እንዲሁ ነው።

በእርግጥ ሁሉን ነገር የሚናገር ጽሑፍ የለም። ጤና ጣቢያ ሩቅ ለሆነበት ሰውም ጥቂት ዕውቀት ካለማወቅ ይሻላል የሚል ይኖራል። ይህ ከባድ መከራከሪያ ነው። ይሁን እንጂ ገጹ አንባቢውን አያይም። ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ኩላሊቱ የታመመ መሆኑን፣ ሌላ መድኃኒት መጀመሩን አይጠይቅም። ሐኪሙና ፋርማሲስቱ ግን ከመመለሳቸው በፊት ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ኃላፊነቱ በጸሐፊው ላይ ብቻ አይወድቅም። በየቁምስናችን ማንበብ የሚችል ሰው ይታመናል፤ ጎረቤት ስልኩን ይዞ ወደ ካቴኪስቱ ቀርቦ፣ «እስቲ ይህን መድኃኒት ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቀዋል። የተጠየቀው ሰው ያነበበውን በታማኝነት ይንገር፤ ነገር ግን «ይህ ስለ መድኃኒቱ እንጂ ስለ አንተ የተጻፈ አይደለም» ብሎ ይጨምርበት። ከገጹ የተገኘው ነገር ለባለሙያው የሚቀርብ ጥያቄ ይሁን እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይሁን።

«አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ማለት የሚያሳፍር ቃል አይደለም። የወንድምን ሕይወት ከራስ ክብር የሚያስቀድም ሰው የሚናገረው እውነት ነው።