ሽመላዋ ምን ትሠራልናለች?

አውሮፓውያን ክረምት የሚሉት የበረዶ ወራት ለእኛ በጋ ነው። በእነዚህ ወራት በአብያታና በሻላ ሐይቆች ዙሪያ ያለውን የግራር ጫካ በእግሩ አቋርጦ ወደ ረግረጉ የሚወርድ ሰው፣ ከሰሜን የመጡትን አእዋፍ ከነባሮቹ ጋር በአንድ ሜዳ ተሰማርተው ያገኛቸዋል። ከእንግዶቹ አንዷ ነጭ ሽመላ ናት።

በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ በዚሁ መንገድ ስንጓዝ ከሰል የጫነ አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት አገኘን። መነጽራችንን ወደ ሽመላዎቹ ማነጣጠራችንን አይተው፣ «ሥጋዋ ይበላል?» ሲሉ ጠየቁን።

«አይ፣ አባባ፤ አይበላም።»

«ታዲያ ምን ትሠራላችኋለች?»

ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። ቀላል መልስ አለው፤ ሽመላ አንበጣንና ተምችን ለቅማ ስለምትበላ የገበሬው ወዳጅ ናት። ይህ እውነት ነው። ሆኖም የፍጡርን ዋጋ በጥቅሙ ብቻ የምንመዝን ከሆነ፣ አንበጣ በማይመጣበት ዓመት ሽመላን ምን ልናደርጋት ነው? ዛሬ ወፍ የተመዘነችበት ሚዛን ነገ ጉልበቱ የደከመውን ሰው መመዘኑ አይቀርም፤ ጠያቂያችን አዛውንትም ከዚያ ሚዛን አያመልጡም።

እርግጥ ነው፣ ከሰሉ እንጀራቸው ነው። የራሱ ምድጃ በዚያው ከሰል እየነደደ፣ መነጽር አንጠልጥሎ «ግራር አትቁረጡ» ብሎ መስበክ ለከተሜው አያምርበትም። የአብያታ ውኃ የሸሸውም በአንድ ሰው መጥረቢያ አይደለም። ገባር ወንዞቹ ለመስኖ ተጠለፉ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ተቀዳ። ውኃው ሲጎድል ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ፤ በሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ቀለባቸውን ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ ለመብረር ተገደዱ። እንግዲህ ዕዳው የጋራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1822 በጀርመን አገር፣ ክሉትዝ በተባለች ከተማ አቅራቢያ አንዲት ሽመላ ተገደለች። አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ሽመላዎች ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ ለአውሮፓ ሊቃውንት ከመሰከሩት ማስረጃዎች አንዱ ያ ጦር ነበር። አንዱ አገር ወጋት፤ ሌላው ገደላት። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሞርቴንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር በወፎች እግር ላይ የአሉሚኒየም ቀለበት እያሰረ ይለቅቃቸው ጀመር። ጦሩም ቀለበቱም ስለ አንድ መንገድ መሰከሩ፤ የሰጧቸው እጆች ግን ለየቅል ናቸው። አንደኛው ለማወቅ መግደል ግድ እንዳልሆነ አስተማረን።

ሽመላዋ የምትሠራልን ይህን ነው፤ የእኛ ያልሆነውን ሳንነጥቅ መመልከትን ታለማምደናለች። እንግዳ ሲመጣ «ምን ይጠቅመኛል?» ሳይል እግር የሚያጥብ ሕዝብ ይህ ትምህርት አይከብደውም። ለአዛውንቱ የሚሰጠው መልስ ግን ሙሉ የሚሆነው፣ ለሽመላዋ ውኃ ስናተርፍ ለእሳቸውም ከከሰል የተሻለ መተዳደሪያ ስናስገኝ ነው። ያን ካላደረግን መነጽራችን ከጦሩ ብዙም አይሻልም።