ስደተኛ የሚተክለው አትክልት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የእመቤታችን የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን፣ በዚህ አገር አቈጣጠር ኦገስት 7 ቀን ይገባል። በአገራችን ይህ ወቅት ደጋው በጉም የሚሸፈንበት፣ ወንዙ ሞልቶ መንገደኛን የሚያግድበት፣ ጎተራው ግን የሚጎድልበት ነው። የአምናው እህል ወደ ማለቁ ነው፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ጓሮ ያለው ጎመኑን ቀንጥሶ ያድራል። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም ያን የጭንቅ ወራት ለመሸኘት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጠግተው፣ ጥሬ ቆርጥመው፣ ውኃ ተጎንጭተው ሱባዔ የሚይዙት በዚያ በጎደለ ጊዜ ነው።

እዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ ያው ጾም የሚውለው ምድሪቱ ያላትን ሁሉ በምታወጣበት ሰሞን መሆኑን ልብ ብላችኋልን? ቲማቲሙ ቀልቶ ቅርንጫፉን ያጎብጣል፤ ዝኩኒው ሁለት ቀን ቢዘነጉት ክንድ ያህላል፤ ኪያሩ፣ ፎሶሊያው፣ ቃሪያው፣ በቆሎው፣ ሐብሐቡ ተከታትሎ ይደርሳል። ከሥጋና ከወተት በምንከለከልበት ሱባዔ እግዚአብሔር የጾም ማዕዳችንን በገዛ እጁ ያሰናዳልን ይመስላል። በጥጋብ መካከል መጾም በእጦት መካከል ከመጾም ይቀላል የሚል ቢኖር ግን አልስማማም። እጦት ጾመኛን ያግዘዋል፤ ጥጋብ ግን ይከራከረዋል።

በእንግሊዝኛ «ሰመር» የሚባለውን ወራት ምን ብለን እንደምንተረጕመው በመካከላችን እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። ፀሐዩን ያየ «በጋ» ይለዋል፤ ወሩን የቈጠረ «ክረምት» ይለዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ስለ ዘር፣ ስለ ደመናና ስለ ዝናም ስታዜም፣ የሜሪላንዱ ምእመን ከውጭ ላቡን እየጠረገ ይገባል። ልጆቻችን ነገሩ ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። ልንነግራቸው የሚገባው ይህ ነው፤ በዜማው የምንጠራው ዝናም በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋ በወገኖቻችን ማሳ ላይ የሚወርደው ዝናም ነው። ሰማዩ ቢለያይም ጸሎቱ አልተለያየም። በቅዳሴም ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዝ ውኃና ስለ ምድር ፍሬ እንድንለምን ስንታዘዝ፣ የእዚያም የእዚህም ምድር በዚያ ልመና ውስጥ አለ።

ዳሩ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ይህን ልመና የምንቀበል እኛ አብዛኛውን ምግባችንን በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያ የምናነሣ ሰዎች ሆነናል። ቲማቲም በጥርም አለ፣ በነሐሴም አለ። የበረዶ ውሽንፍር መንገዱን ካልዘጋው በቀር የሚጎድል ነገር የለም። ወቅት የሌለው ምግብ የሚበላ ሰው ስለ ምድር ፍሬ ሲለምን ከልቡ ለመለመን ይከብደዋል። በአገር ቤት ያለ ገበሬ ግን ደመናውን ቀና ብሎ አይቶ «አቤቱ ማረን» ሲል ቃሉ ሥጋው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ወደ ነቢዩ ኤርምያስ ልውሰዳችሁ። በምዕራፍ 29 ነቢዩ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ወገኖቹ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ቤት እንዲሠሩና እንዲኖሩበት፣ አትክልት እንዲተክሉና ፍሬውን እንዲበሉ፣ ስለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል። ይህ ቃል ለምርኮኞቹ መራራ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ሰው ቀንበሩ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚሰበር እየተናገረ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ ነበርና። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት አላቸው።

እኛስ? ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ወደዚህ አገር የመጡት ወገኖቻችን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፉ የሚያውቅ ያውቃል። ሻንጣው ከአልጋ ሥር ሳይፈታ፣ የቤት ዕቃ «ለጊዜው ነው» እየተባለ ሲገዛ፣ «የሚመጣውን ፋሲካ አገራችን ያድርገን» ሲባባሉ አሥር ዓመት ሃያ ሆነ፤ ሃያውም አርባን አለፈ። ብዙዎች በዚያ ናፍቆት ውስጥ አረፉ። የናፍቆታቸውን እውነተኝነት የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ዛፍ መትከል አገርን እንደ መክዳት ሆኖ የታያቸው፣ የጓሮ መሬት እያላቸው ሣር ብቻ ያጨዱበት፣ ጥቂት አይደሉም።

ያው ነቢይ በምዕራፍ 32 ምን እንዳደረገ ደግሞ ተመልከቱ። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጭፍራ ተከባ፣ እርሱም በግዞት ቤት ግቢ ታስሮ ሳለ፣ በትውልድ መንደሩ በዓናቶት የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ጠላት በያዘው ምድር እርሻ መግዛት ለዓለም ሰው እብደት ነው። ነቢዩ ግን ውሉን አስፈርሞ፣ ብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። እንግዲህ በባቢሎን ትከሉ ያለውና በዓናቶት እርሻ የገዛው አንድ ሰው ነው። የእዚህ ጓሮና የእዚያ ርስት በአንድ እምነት ውስጥ ሲገቡ አልተጣሉም። ስደተኛ ሲተክል አገሩን ረሳ የሚል ቢኖር ኤርምያስን ይጠይቅ።

በዚህ አካባቢ የሚተከልበት መሬት የለም እንዳይባልም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ከመሬቱ ሲሶ ያህሉን፣ 93,000 ኤከር ገደማ፣ ለእርሻ እንዲጠበቅ ደንግጓል። በአባቶቻችን ስፍር ከ900 ጋሻ በላይ ይሆናል። ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ያሽከረከረ ሰው የበቆሎ ማሳ መካከል ይገባል። በጀርመንታውን ያለው የበትለር ቤተሰብ እርሻ ከ1950 ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ ነው፤ ሰው ልጆቹን ይዞ ሄዶ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ እንጆሪውን በእጁ ይለቅማል፣ በመከርም ዱባውን ይመርጣል፣ የለቀመውንም አስመዝኖ ይከፍላል። እርሻ ለሌለው ደግሞ የካውንቲው የመናፈሻ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ቁራሽ መሬት በመጠነኛ ክፍያ ያከራያል። በእነዚያ ቁራሽ መሬቶች ላይ፣ በየቤቱም ጓሮ፣ በሶብላውንና ጤና አዳሙን ያየ ባለቤቱ የማን ወገን እንደ ሆነ መጠየቅ አያሻውም።

ይህ ሥራ የቀን መቍጠሪያን ያስተምራል። በሚያዝያ ውርጩ ሳይለቅ ቲማቲም ያወጣ ይቀጣል፤ ብልኅ የሆነ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ይታገሣል። በሰኔ ሰላጣው ሙቀቱን ፈርቶ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመርራል። በሐምሌ ኪያሩ ይጀምራል። በነሐሴ ቀድሞ የተነገረው ሁሉ ይደርሳል፤ ቤተሰቡ ከለቀማው ብዛት የተነሣ ለጎረቤት መስጠትን ይማራል፣ መስጠቱ ባይመቸው እንኳ ይበሰብስበታልና። በፎገራ ሜዳ ቢሆን የክረምቱ ውኃ ከሸሸ በኋላ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመስኖ የሚለማው በበጋው ነው፤ በመቂና በዝዋይም እንዲሁ። እዚህ ወሩ ተገልብጧል። የመጠበቁ ነገር ግን አልተገለበጠም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ገበሬው የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናም ታግሦ እንደሚጠብቅ ሲናገር የጌታን መምጣት የሚጠብቅ ክርስቲያን ምሳሌ አድርጎ ነው ያቀረበው። ሁሉ ነገር በደቂቃ ከደጁ እንዲደርስለት ለለመደ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ማስተማር ያስቸግራል። ዘሩን በገዛ ጣቱ ቀብሮ አሥር ቀን በየማለዳው ቢያየው ግን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ይገባዋል፤ ሰውየው ሲተኛና ሲነሣ ዘሩ እንዴት እንዳደገ እርሱ ራሱ አያውቅም።

የዚህ ምድር አፈር የማንን ላብ እንደ ጠጣ ማወቅም ተገቢ ነው። ጆሳያ ሄንሰን የተባለው ሰው በዚህ በሞንትጎመሪ ካውንቲ በባርነት ተይዞ የጌታውን እርሻ ያርስ ነበር። በ1830 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ካናዳ ኮበለለ፤ በዚያም እንደ እርሱ ያመለጡ ሰዎች መሬት ገዝተው የሚያርሱበትን መንደር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በሜሪላንድ በባርነት የነበሩት ሰዎች የጌታቸውን ሥራ ፈጽመው በሌሊትና በእሑድ የሚኮተኩቷት የጎመን መደብ ነበረቻቸው። እኛ ለጾም ወጣችን ከገበያ የምንገዛውን ኮላርድ የሚሉትን ጎመን በማዕዳቸው አክብረው ያቈዩት የእነዚያ ሰዎች ልጆች ናቸው። ከእኛ በፊት በዚህ ምድር በመከራ ተክለው የበሉ ሰዎች አሉና ጎረቤቶቻችንን በአክብሮት እንይ።

ስለ አትክልት ከቅዱሳን የሚነገር ታሪክ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የአባ እንጦንስ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ ውስጥ እንደሚገኘው፣ አባታችን ወደ ውስጠኛው በረሓ ከገባ በኋላ ወንድሞች እንጀራ እየተሸከሙ ሲደክሙ አይቶ መቈፈሪያና ጥቂት ዘር እንዲያመጡለት ለመነ። በተራራው ሥር ውኃ ያለበትን ጥቂት ቦታ ቈፍሮ ዘራ፤ ከዚያም ወዲያ በማንም ላይ ሸክም አልሆነም። ኋላ ግን እንግዶች መምጣታቸውን ባዩ ጊዜ ጥቂት አትክልት ጨመረ። ስለ ራሱ አልነበረም፤ ያን የሚያደክም መንገድ ተጕዞ የሚመጣ ሰው ጥቂት ዕረፍት እንዲያገኝ ነው። የምድረ በዳ አራዊት ውኃ ሊጠጡ ሲመጡ መደቡን ቢያጠፉበት፣ አንዱን በገርነት ይዞ ለምን እንደሚጎዱት ጠየቃቸው ይላል። (በጓሮአችን የምንማረረው በአጋዘንና በጥንቸል ነው፤ እንደ እርሱ በቃል ያስወጣቸው ግን አልሰማሁም።) ዓለምን የተወ መናኝ ለእንግዳ ብሎ አትክልት ከተከለ፣ ዓለም ውስጥ ያለን እኛ ምን ሰበብ አለን?

በአንጻሩ ማዕዳችን ላይ ስለሚደርሰው የሌላ ሰው ድካም ዝም ማለት አልችልም። በዚህ አገር እርሻዎች ቲማቲሙን፣ ሐብሐቡንና እንጆሪውን የሚለቅሙት አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ለወቅቱ ብቻ በተሰጣቸው ፈቃድ ይመጣሉ፤ መከሩ ሲያልቅም ይሄዳሉ። በ1938 የወጣው የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ ከ40 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ተጨማሪ ክፍያ ሲደነግግ የእርሻ ሠራተኛን ከዚያ ውጭ አድርጎታል፤ አንዳንድ ክፍላተ አገር በራሳቸው ሕግ ቢያሻሽሉትም የአገሪቱ ሕግ በዚህ ነገር አልተለወጠም። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ገበሬው ትዕግሥት በተናገረበት በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የአጫጆች የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸታቸውም ወደ ጌታ ጆሮ እንደ ገባ ተናግሯል። ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ማስቀመጡ በከንቱ አይደለም። ከእኛ መካከል በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በሆቴል ጓዳ ሌሊቱን ያሳለፈ ሰው የዚያን ለቃሚ ወገብ ሕመም ሊያውቅ ይገባዋል። እርሱም እንደ እኛ ስደተኛ ነው። ስለ ምድር ፍሬ ስንጸልይ ፍሬውን ስለሚለቅመው እጅም እንጸልይ፤ ባገኘነውም ጊዜ እንደ ወንድም ሰላም እንበለው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 የተጻፈውን የበኵራት ሥርዓት በዚህ ወቅት አንብቡት እላችኋለሁ። እስራኤላዊው የምድሩን የመጀመሪያ ፍሬ በእንቅብ አድርጎ ለካህኑ ሲያቀርብ የሚናገረው ቃል ታዝዞለታል። አባቱ ተቅበዝባዥ እንደ ነበረ፣ በጥቂት ሰው ወደ ግብፅ ወርዶ በእንግድነት እንደ ተቀመጠ፣ እንደ ተጨቈነ፣ እግዚአብሔርም እንዳወጣው ይመሰክራል። ፍሬው በእጁ፣ የስደቱ ታሪክ በአፉ ነው። ያለ ታሪኩ እንቅቡ አይቀርብም። ሲጨርስም በመካከሉ ካለው መጻተኛ ጋር ደስ እንዲለው ታዝዟል። ልጆቻችን የራሳቸውን ጓሮ ፍሬ ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ሲመጡ፣ አያታቸው ከየት እንደ መጣ፣ በሱዳን ወይም በኬንያ በኩል እንዴት እንዳለፈ፣ በአማርኛም ይሁን በሚችሉት ቋንቋ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢናገሩ እንዴት ያለ በኵራት ይሆን ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ዓመት ፍልሰታ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ጓሮ ወይም የኪራይ መደብ ያላችሁ፣ ነሐሴ 13 ቀን ለደብረ ታቦር በዓል ስትመጡ ከፍሬው የመጀመሪያውን፣ የተረፈውን ሳይሆን የመጀመሪያውን፣ በቅርጫት ይዛችሁ ኑ። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ይከፈላል፤ ድርሻው በቅድሚያ በየአፓርታማው ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለመጡ ስደተኞች ነው። ወጣቶቹ ተሸክመው ያደርሱላቸው፤ ሲያደርሱም በር ላይ አስቀምጠው አይመለሱ፣ ገብተው ይቀመጡ። ከእነዚያ አረጋውያን ብዙዎቹ ማረስን የሚያውቁ ናቸውና አፈሩ ምን እንደ ጎደለው፣ ቅጠሉ ለምን እንደ ቀጨጨ ጠይቋቸው። የሚጠይቃቸው አጥተው የተቀመጡ ናቸው።

መሬት ያላችሁ ደግሞ የጎመን ዘሩን ሳትዘገዩ አሁኑኑ ጣሉት። በዚህ አካባቢ በነሐሴ መጀመሪያ የተዘራ ጎመን ለጥቅምት ይደርሳል፤ በኅዳር የመጀመሪያው ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል እንጂ አይሞትም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ሲገባ ቅጠሉ ገና ከመደቡ ላይ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።