ምን ይጨመር? ምን ይውጣ?

ዕውቀት እየሰፋ በሚሄድበት ዘመን የትምህርትን ሥርዓት ማደስ ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም። ቤት ቢያፈስ ይከደናል፤ መንገድ ቢበላሽ ይጠገናል። ሆኖም የኮምፒዩተር ሳይንስን የሚያስተምር የዩኒቨርስቲ ክፍል ኮርሶቹንና ለዲግሪ የሚጠይቀውን ግዴታ ለማሻሻል በተነሣ ጊዜ፣ ጉዳዩ የሰንጠረዥና የክሬዲት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሲታይ እንመለከታለን። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው እንላለን፤ ይኸውም፣ አስተማሪ ለተማሪው ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ይህ ትምህርት በዕድሜው ገና ወጣት ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ የኮምፒዩተር ዲፕሎማ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፣ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርስቲ ራሱን የቻለ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ያቋቋመው በ1962 ነው። ኤ.ሲ.ኤም. የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በ1968 ያወጣው የሥርዓተ ትምህርት መምሪያም በ1978፣ ቀጥሎም ከሌሎች ማኅበራት ጋር በመተባበር በ1991፣ በ2001፣ በ2013 እና በ2023 ታድሷል። በ1968ቱ መምሪያ የነበሩት ዲስክሪት ማቲማቲክስና ዳታ ስትራክቸር ዛሬም በቦታቸው አሉ፤ የኔትዎርክና የመረጃ ደኅንነት ትምህርት ግን በኋላ የመጡ ናቸው። እንግዲህ መታደስ ለዚህ ትምህርት ባሕርዩ እንጂ ነውሩ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ትምህርቱ ሲጨምር የጥናቱ ዘመን የማይጨምር በመሆኑ ነው። በሙሉ እንስራ ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው ሌላውን ማፍሰሱ አይቀርም። ስለዚህ አዲስ ኮርስ ይግባ የሚል ሁሉ፣ ባይናገረውም እንኳ፣ ሌላ ይውጣ ማለቱ ነው። የሚገባውን መምረጥ አያስቸግርም፤ ገበያው ስሙን እየጠራ ያሳውቀናልና። ሰው የሚፈተነው በሚያወጣው ነው። ብዙ ጊዜም የሚወጣው ጥቅሙ ያነሰው ሳይሆን ጠበቃ ያጣው ነው። ሒሳብ ይከብዳል ይባላል፤ የጽሕፈት ትምህርት የሌላ ክፍል ሥራ ነው ይባላል፤ የሙያ ሥነ ምግባርም ጊዜ የሚያባክን ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ 25 የተባለ የጨረር ሕክምና መሣሪያ፣ በፕሮግራሙ ስሕተት የተነሣ በ6 በሽተኞች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር አውርዶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያ ጕድለት የፕሮግራም ቋንቋ ካለማወቅ ሳይሆን በጥንቃቄ ካለመመርመር የመጣ ነበር።

የራሳችን ፊደልም ምስክር ይሁነን። አማርኛ በኮምፒዩተር መጻፍ በተጀመረበት ጊዜ የተለያዩት ፕሮግራሞች ለፊደሎቹ የተለያየ ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ገባና እያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቁጥር አገኘ። የአንዱን ፕሮግራም አሠራር ብቻ ያጠና ሰው ዕውቀቱ ከፕሮግራሙ ጋር ያረጃል፤ ፊደል እንዴት ቁጥር እንደሚሆን የተረዳ ግን መሣሪያው ቢለወጥም ከሥራው አይፈናቀልም።

ምናልባት፣ የድኻ ልጅ ተመርቆ ሥራ ካላገኘ መሠረታዊ ዕውቀት ምን ይበጀዋል? የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ልጃቸውን ለማስተማር ላሟን የሸጡ ወላጆች ስላሉ በቀላል አንመልሰውም። ተማሪው ዛሬ ቀጣሪ የሚፈልገውን መሣሪያ ይዞ መውጣት ይገባዋል፤ ሆኖም መሣሪያው የመሠረቱ መለማመጃ ይሁን እንጂ ምትኩ አይሁን። ደግሞም «መሠረት» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት ያልተለወጠ ማስታወሻ ይዞ ለሚገባ አስተማሪ መሸሸጊያ መሆን የለበትም። ያላነበበ መምህር ነባሩን ኮርስ የሚከላከለው ለተማሪው ብሎ ሳይሆን ለራሱ ዕረፍት ነው።

ከዚህም በላይ የዲግሪ ግዴታ ቃል ኪዳን ነው። ተማሪው በገባበት ቀን፣ ይህን ብትፈጽም ትመረቃለህ ተብሎ ተነግሮታል። በመንገዱ አጋማሽ ላይ ሳለ ደንቡን በላዩ ላይ መለወጥ ውል እንደ ማፍረስ ይቈጠራል። በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ስለሚቀመጡ፣ ነገሩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል፤ ኮርሱ ተለውጦ ፈተናው ባይለወጥ፣ ወይም ፈተናው ተለውጦ ኮርሱ ባይለወጥ፣ ዕዳውን የሚከፍለው በስብሰባው ላይ ያልነበረው ተማሪ ነውና። ስለዚህ አዲሱ ደንብ ለአዲስ ገቢዎች ይሁን፤ ነባሮቹ ግን በገቡበት ይፈጽሙ፣ ወይም ወደው ይሻገሩ።

በቅኔ ቤት መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ የሚያስተምረው ሰዋስውንና የቅኔን መንገድ ነው እንጂ የሚደጋግመውን ቅኔ አይደለም፤ ተማሪው በየጊዜው አዲስ መቀኘት ይጠበቅበታልና። የኮምፒዩተር መምህራንም ለምክክር በተቀመጡ ጊዜ፣ ምን እንጨምር? ከማለታቸው በፊት፣ ይህ ልጅ እኛ ያላየነው መሣሪያ ሲመጣ በምን ይቋቋመዋል? ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ኮርስ፣ ጠበቃ ባይኖረው እንኳ፣ እነርሱ ጠበቃ ሊሆኑለት ይገባል።