ባንዲራው ሲታጠፍ የሚጠራ ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ ላካፍላችሁ ያሰብሁት ነገር ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል። ነገር ግን ሞትና ኀዘን አገር የላቸውምና ለእኛም የሚያስተምረን ቁም ነገር አለበት። ይኸውም በአሜሪካ ወታደር ሲቀበር ባንዲራው እየታጠፈ ስለሚነበበው ቃል፣ በዚያም ቃል ውስጥ የእግዚአብሔር ስም ይጠራ ወይስ አይጠራ ተብሎ ስለተነሣው ክርክር ነው። ከወገኖቻችን ልጆች መካከል በዚያው አገር አድገው በጦር ሠራዊቱ የሚያገለግሉ ስላሉ፣ ነገሩ ከደጃችን ያን ያህል የራቀ አይደለም።

አስቀድመን ሥርዓቱን እንመልከት። የሟቹ ሣጥን ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር ገደማ በሆነ ባንዲራ ይሸፈናል። ኮከቦቹ ያሉበት ሰማያዊ ክፍል በሟቹ ራስጌ፣ በግራ ትከሻው በኩል ይውላል። ባንዲራው ከሟቹ ጋር ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ መሬትም እንዲነካ አይፈቀድም። «ታፕስ» የሚባለው የስንብት ዜማ በጡሩምባ ይነፋል። ወታደሮችም ባንዲራውን በቁመቱ ሁለት ጊዜ ካጠፉት በኋላ፣ ዐሥራ ሦስት ጊዜ በሦስት ማዕዘን እያጠፉ ይሰበስቡታል። በመጨረሻ ቀዩና ነጩ ሁሉ ተሸፍኖ ሰማያዊው ከነኮከቦቹ ብቻ ይታያል። ከዚያም አንዱ ወታደር በሟቹ የቅርብ ዘመድ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ በፕሬዚዳንቱ፣ በሠራዊቱና ውለታ በማይረሳው ሕዝብ ስም ያስረክባል።

ከ2000 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ቤተሰቡ ከጠየቀ ቢያንስ ሁለት ወታደሮች እንዲገኙ፣ ባንዲራው ታጥፎ እንዲሰጥና ታፕስ እንዲሰማ ያዛል። ስለ እጥፋቶቹ ግን ምንም ዓይነት ንባብ አያዝም። የአገሪቱ የባንዲራ ሕግም ለእጥፋቶቹ አንዳች ትርጉም አልሰጠም።

ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ እጥፋት ትርጉም የሚሰጥ ጽሑፍ ማንበብ በብዙ ቦታ ልማድ ሆኗል። የጽሑፉ ደራሲ በእርግጥ አይታወቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የመጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ መሠረት የመጀመሪያው እጥፋት የሕይወት፣ ሁለተኛው በዘለዓለም ሕይወት የማመን ምልክት ነው። ሌሎቹ ለአገር፣ ለሠራዊት፣ ለእናት፣ ለአባት የተሰጡ ናቸው። ዐሥራ አንደኛው በአይሁድ ዜጎች ዓይን የአብርሃምን፣ የይስሐቅንና የያዕቆብን አምላክ ያከብራል ይላል። ዐሥራ ሁለተኛው ደግሞ በክርስቲያን ዜጎች ዓይን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ያከብራል ይላል።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው። በ2005 የአየር ኃይሉ ሃይማኖት ያልተጠቀሰበት፣ ታሪክ ብቻ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ አወጣ። በ2007 በካሊፎርኒያ በሚገኘው በሪቨርሳይድ ብሔራዊ መካነ መቃብር ስለ ዐሥራ አንደኛው እጥፋት ቃል አንድ አቤቱታ ቀረበ። ብሔራዊ መካነ መቃብሮችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም ሠራተኞቹና በጎ ፈቃደኞቹ ጽሑፉን በየትኛውም መካነ መቃብር እንዳያነቡ ከለከለ። በዚህ ጊዜ ከቀድሞ ወታደሮችና ከምእመናን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን አስተካክሎ፣ ቤተሰቡ ከፈለገ በጎ ፈቃደኞች የፈለገውን ጽሑፍ ሊያነቡለት እንደሚችሉ አስታወቀ። በ2011 በሂዩስተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተመሳሳይ ጠብ ተነሥቶ ፍርድ ቤት ደረሰና በዚያው ዓመት በስምምነት ተፈጸመ። በ2016 ደግሞ በትራቪስ የአየር ኃይል ሰፈር፣ በአንድ ወታደር የጡረታ ስንብት ላይ፣ የእግዚአብሔር ስም ያለበትን ንግግር ሊያሰማ በባለጉዳዩ የተጋበዘ ሰው በወታደሮች ተይዞ በግድ ከአዳራሹ ወጣ። ኋላ የአየር ኃይሉ የጡረታ ስንብት የግል በዓል ስለሆነ፣ የሚነበበውን የሚመርጠው የሚሸኘው ሰው ራሱ ነው ሲል አስታወቀ።

እንግዲህ እኛ ክርስቲያኖች ይህን ስንሰማ ከየትኛው ወገን እንቆማለን? ብዙዎቻችን ሳናመነታ «የአምላክን ስም የሚከለክል ሁሉ ጠላት ነው» ለማለት እንቸኩላለን። እኔ ግን ነገሩን በሦስት በኩል እንድንመዝነው እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፤ የእግዚአብሔር ስም ማጌጫ አይደለም። በሕገ ኦሪት ስሙን በከንቱ እንዳንጠራ ታዝዘናል (ዘጸ. 20፥7)። ስምን በከንቱ መጥራት ማለት በሐሰት መማል ብቻ አይደለም፤ ለሌላ ነገር ክብር መጨመሪያ አድርጎ መጠቀምም ነው። ባንዲራ የአገር ምልክት ነው፤ በእርሱ ሥር የሞተም ክብር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ጨርቁ ዐሥራ ሁለተኛ ጊዜ ስለታጠፈ ቅድስት ሥላሴ አይከብሩም። ሥላሴ የሚከብሩት በእምነት፣ በጸሎትና በምግባር ነው። ደግሞ ልብ እንበል፤ ጽሑፉ «በክርስቲያን ዜጎች ዓይን» ይላል። ይህም ሌሎች ምን እንደሚያምኑ መናገር ነው እንጂ ወደ እግዚአብሔር የቀረበ ጸሎት አይደለም። አንባቢው አልጸለየም፤ ስለሚጸልዩ ሰዎች ተናገረ እንጂ። እንዲህ ያለ ቃል ቢቀር ጸሎት ቀረ ማለት ይከብዳል። በመቃብሩ አፍ ቆሞ ፍትሐት ማድረስ፣ ስለ ሟቹ ነፍስ መለመን የካህኑ ሥራ ነው። ይህንንም በ2007ቱ ክርክር ማንም አልከለከለም።

ሁለተኛ፤ እምነት በግድ አይሰጥም። ጌታችን በደጅ ቆሞ እንደሚያንኳኳ በራእየ ዮሐንስ ተጽፏል (ራእ. 3፥20)፤ በሩን ሰብሮ እንደሚገባ አልተጻፈም። እስቲ ያችን ኀዘንተኛ እናት አስቡአት። ልጅዋ በጦር ሜዳ ወድቆ ሣጥኑ በፊትዋ ተቀምጧል። ምናልባት እስላም ናት፤ ምናልባት ምንም አታምንም። የሚነበበው ቃል የእርስዋ ሃይማኖት ባይሆን ተነሥታ ትሄዳለችን? ልጅዋን ትታ ወዴት ትሄዳለች? እርስዋ በዚያች ሰዓት ከዚያ ቦታ መነሣት የማትችል ሰው ናት። እንዲህ ባለች ሰው ላይ ሳይጠይቁ የእምነት ቃል ማንበብ ስብከት ሊባል አይችልም።

ነገሩን ገልብጠን ደግሞ እንየው። ከወገኖቻችን አንዱ በዚያ አገር ሠራዊት ሲያገለግል ቢሞት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በተቀመጠች እናቱ ፊት ደግሞ መንግሥት የላከው ሰው ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለውን ትምህርት ቢያነብ ምን ይሰማናል? «ልጄን በማያውቀው ሃይማኖት ቀበሩብኝ» ብላ ብታለቅስ ማን ይፈርድባታል? ሰዎች ሊያደርጉልን የምንወደውን እኛም ለእነርሱ እንድናደርግ ጌታ አዝዞናል (ማቴ. 7፥12)። ይህ ትእዛዝ በመቃብር ቦታ ሲሆን ይጠነክራል እንጂ አይላላም።

ሦስተኛ፤ ነገር ግን ዝምታን ማዘዝም ትክክል አይደለም። ለማያምነው ቤተሰብ ብለን ለሚያምነው ቤተሰብ የሚያጽናናውን ቃል ብንከለክል፣ አንዱን በደል በሌላ በደል ተካነው ማለት ነው። ያ የ2007ቱ የመጀመሪያ ክልከላ ስሕተቱ ይህ ነበር። ባል የሞተባት ሴት «የባሌ ባንዲራ ሲታጠፍ የአምላኬ ስም ይነሣልኝ» ብላ ስትለምን፣ አንድ ሹም «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ከወዴት አገኘ? የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር እንድንሰጥ ተምረናል (ማቴ. 22፥21)። ባንዲራውና ጡሩምባው የቄሣር ናቸው፤ ቄሣርም ስለ አገልግሎቱ ለሟቹ ቢሰጣቸው የሚገባ ነው። የኀዘንተኛው ጸሎት ግን የቄሣር አይደለም። ስለዚህ መንግሥት በኀዘንተኛው አፍ ውስጥ ጸሎት ሊያስቀምጥ እንደማይገባው ሁሉ፣ ከአፉ ውስጥም ጸሎት ሊያወጣ አይገባውም።

አንድ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «በሰው ፊት የሚመሰክርልኝን በአባቴ ፊት እመሰክርለታለሁ ያለውን ጌታ ቃል ወዴት ጣልኸው? ዝም ማለት ማፈር አይደለምን?» ጥያቄው ከባድ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሴ ይህ ነው። ምስክርነት ሰው በገዛ አፉ፣ በገዛ ሕይወቱ፣ በገዛ ዋጋው የሚሰጠው ነው። ሰማዕታት በመንግሥት አፍ አልመሰከሩም፤ መንግሥት ዝም በሉ ሲላቸው ነው የመሰከሩት። ሠራዊት ወይም መሥሪያ ቤት ለሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ስላስነበበ እኔ መሰከርሁ ልል አልችልም። የእኔ ምስክርነት ከመቃብሩ ስመለስ ያችን እናት በመጎብኘቴ፣ በሠልስቱ ቀን ባለመቅረቴ፣ ልጆችዋን በማስጠናቴ ይታያል።

ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የደረሱበት ነገር፣ ይኸውም «ቤተሰቡ ይጠየቅ» የሚለው፣ ለወንጌል ቅርብ የሆነ መፍትሔ ይመስለኛል። ጌታችን ዕውሩን ሰው ሲያገኘው የሚፈልገው ነገር ግልጥ ሆኖ ሳለ እንኳ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠይቆታል (ማር. 10፥51)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ከጠየቀ፣ ምንም የማናውቅ እኛ ሳንጠይቅ እንዴት እንናገራለን?

ይህን ነገር የእኛም አገር ሰው ያውቀዋል። የእምነቱ ዓይነት በተለያየ ሰፈር ውስጥ ያለውን እድር ተመልከቱ። ድንኳኑን ይተክላል፤ ወንበሩንና ድስቱን ያመጣል፤ ቀባሪውን ያሰባስባል። ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ያለቅሳል። ጸሎቱን ግን እድሩ አይወስነውም፤ ፍትሐቱን ለካህኑ፣ የጀናዛውን ሶላት ለኢማሙ ይተዋል። እድሩ እንዲህ በማድረጉ ሃይማኖት የለውም አይባልም። ድርሻውን ያውቃል ይባላል እንጂ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ከየእምነቱ ከመጡ ልጆች ጋር አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተን እንኖራለን። ከእነርሱ አንዱ መርዶ ሲደርሰው ምን እናደርጋለን? ጥቅስ ለመደርደር አንቸኩል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ (ኢዮ. 2፥13)። ያበላሹት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ጌታም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ። እኛም አስቀድመን አጠገቡ እንቀመጥ፤ ውኃ እናቅርብለት፤ ትራንስፖርቱን እናዋጣ፤ ወደ ቤቱ እንሸኘው። ቀጥሎም «እንድጸልይልህ ትፈቅዳለህን?» ብለን እንጠይቀው። ቢፈቅድ በሙሉ ልብ እንጸልይ። ባይፈቅድ በልባችን የምንጸልየውን ማንም አይከለክለንም፤ በስውር የሚያይ አባታችን ይሰማናልና።

ባንዲራው ታጥፎ በእናቲቱ እጅ ሲገባ የሚቀረው ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ልጅዋ ግን እግዚአብሔር በሚያውቀው ስሙ በእግዚአብሔር ዘንድ ነው። ያን ስም እኛ ብናነብለትም ባናነብለትም አይረሳም። እኛ የምንጠየቀው ያችን እናት ምን ያህል እንዳከበርናት ነው። አምላካችን የሚያዝኑትን ሁሉ ያጽናናልን፤ ለእኛም የምንናገርበትንና ዝም የምንልበትን ጊዜ የምንለይበት ልቡና ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።